ለድምፅ ሥራ ኦሲሎስኮፕ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?

ሽቦና_ስታኞ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀመዓ። ኮምቦልቻ ላይ የአምፕና የሞንታርቦ ጥገና እሠራለሁ። ሚክሰር፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የሠርግ ባንዶች ፓወር አምፕ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመኪና ቴፕ ይመጣልኛል። እስካሁን የምሠራው በቴስተርና በጆሮ ነው። ዲሲውን እለካለሁ፣ ትራንዚስተሩን እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ዘፈን ከፍቼ እሰማለሁ። አንዳንዱ ግን በዚህ አይያዝም። ደንበኛው «ድምፁ ይሻክራል» ብሎ ያመጣዋል። እኔ ጋ ሲከፈት ደህና ነው። ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ይሻክራል።

ስለዚህ ስኮፕ (የሲግናሉን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳየውን መለኪያ) ልገዛ ነው። ገበያውን ሳየው ግን ዞረብኝ። በእጅ የሚያዝ ትንሽዬ አለ፤ የሚያየው እስከ 200 ኪሎኸርዝ ነው ይላል። ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ 20 ሜጋኸርዝ አለ። ከዚያ የጠረጴዛው ባለ 50፣ ባለ 70፣ ባለ 100 ሜጋኸርዝ። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው። 200 ኪሎኸርዝ የዚያ አሥር እጥፍ ነው። ታዲያ ከዚያ በላይ ለምን እከፍላለሁ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ያቺ ትንሽዬ ትበቃሃለች። ኪስ ትገባለች፣ ቻርጅ ታደርጋታለህ፣ መብራት ሲሄድም ትሠራለች። 100 ሜጋኸርዝ ለምንህ ነው? ሞንታርቦ ነው የምትጠግነው ወይስ ራዳር?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። ዘፈኑን ለማየት 200 ኪሎኸርዝ ይበቃል። ሰው የሚከፍልህ ግን ብልሽቱን እንድታይለት ነው። ብልሽት ደግሞ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም።

አንድ እኔ ጋ የመጣ ክላስ ኤቢ ፓወር አምፕ ልንገርህ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲዘፈንበት እንኳ ሂትሲንኩ (ሙቀት ማስወጫ ብረቱ) እጅ አያስነካም። ስፒከር ላይ ዲሲ የለም። ትራንዚስተሮቹ ደህና ናቸው። ባያሱን (ሳይዘፈንም በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ከረንት) ብቀንሰውም ሙቀቱ አይወርድም። ጎረቤቴ አንተ የምትላት ዓይነት ትንሽዬ ስኮፕ አለችው። 1 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቭ (ለስላሳ፣ ንጹሕ ሞገድ) አስገብተን በእሷ አየነው። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ሳይን ዌቭ።

ከዚያ አሮጌዋን ባለ 20 ሜጋኸርዝ አናሎግ ስኮፕ አወጣሁ። ያው ሲግናል፣ ያው አምፕ። መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ቀጭን ነው። ጫፉ ጋ ሲደርስ ይወፍራል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ሲወርድ እንደገና ይቀጥናል። ታይምቤዙን (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የጊዜ ርዝመት) እያጠበብኩ ወደዚያ ወፍራም ቦታ ገባሁ። ለካ ውፍረቱ ራሱ ሌላ ሞገድ ነው፤ 2 ሜጋኸርዝ አካባቢ። አምፑ በራሱ ጊዜ ሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሚያግለውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ከስፒከር መውጫው ወደ ግራውንድ የሚወርዱት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ 10 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ። ዞቤል የሚባለው። ሬዚስተሩ ውስጡ ተቆርጧል። ከላይ ሲታይ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። አንድ ሬዚስተር ቀየርኩ፣ አምፑ ቀዘቀዘ።

የትንሽዬዋ ችግር አለማየቷ ብቻ አይደለም። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ የሚያነብ ስኮፕ 2 ሜጋኸርዝ ሲገባበት ዝም ካላለ ይዋሻል። ዝቅ ያለ፣ የሌለ ሞገድ ፈጥሮ ያሳይሃል። ያንን አምነህ ስትባዝን ትውላለህ።

ሽቦና_ስታኞ

ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም። እንደዚሁ የሚግል አንድ ፓወር አምፕ መደርደሪያ ላይ አለኝ። ነገ መጀመሪያ ያችን ሬዚስተር ነው የማየው።

ካምፓስ_ኤሌክትሪካል (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጦሳ_ሥር ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ስኮፑ በሴኮንድ የሚያነበው ቁጥር ከሲግናሉ ፍሪኩዌንሲ ቢያንስ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ይህ መጽሐፉ የሚለው ነው። ቅርጹን በዓይን ለመለየት ግን አሥር እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሰው ልብ የማይለው ሜሞሪውን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጨረሻው የንባብ ፍጥነት ነው። ታይምቤዙን ስታሰፋ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱም የሚያጠራቅምበት ቦታ ያልቅበታል። ምሳሌ፦ ስክሪኑ ላይ 100 ሚሊሴኮንድ ማየት ፈለግህ እንበል። ሜሞሪው 1,000 ነጥብ ብቻ ከሆነ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ ነው የሚያነበው። ያ ለ20 ኪሎኸርዝ አይደለም፣ ለ5 ኪሎኸርዝም በቅጡ አይበቃም። ሜሞሪው 1 ሚሊዮን ነጥብ ከሆነ ግን በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ያነባል። የድምፅ ሰው ደግሞ ሰፊ ታይምቤዝ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ስትገዛ ሜጋኸርዙን ብቻ አትጠይቅ። «ሜሞሪው ስንት ነው?» በል።

ቦርከና_ማዶ

ሻጩ ሜሞሪ ስትለው ፍላሽ ነው የሚያመጣልህ 😂

ሆጤ_ኦዲዮ (ደሴ)

ሁላችሁም ስለ ስኮፕ ነው የምታወሩት። እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፤ ሌላ ነገር ልበል። ስኮፕ ድምፅ ይጥራ አይጥራ አይነግርህም።

አብዛኛው ርካሽ ስኮፕ 8 ቢት ነው። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በ256 ደረጃ ነው የሚከፍለው። የአንድ ፓወር አምፕ መውጫ 40 ቮልት ከጫፍ ጫፍ ስክሪኑን ሞልቶ ቢታይ አንዱ ደረጃ 0.16 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አይታይም። ዓይንም ቢሆን አይረዳህም። 1 በመቶ ዲስቶርሽን (የሞገድ መዛባት) ያለበት ሳይን ዌቭና ንጹሑ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አትለያቸውም። ደህና አምፕ ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ታዲያ በስኮፕ ምን ልታይ ነው?

የ24 ቢት ሳውንድ ካርድ ግዛ። በ192 ኪሎኸርዝ የሚቀዳው እስከ 96 ኪሎኸርዝ ያያል፤ ከሰው ጆሮ አራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ሳይን ዌቭ ያወጣል፣ መልሶ ይቀበላል፣ ዲስቶርሽኑን በመቶኛ ይነግርሃል፣ የትኛው ሃርሞኒክ (መዛባቱ የሚጨምረው ሞገድ) እንደበዛ በግራፍ ያሳያል። ድምፁ ይሻክራል ለሚሉህ ደንበኞች መልሱ ያ ነው። ዋጋውም ከጠረጴዛ ስኮፕ ያነሰ ነው።

ጦሳ_ሥር

ሆጤ፣ ስለ ዲስቶርሽኑ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ግን ልጁ ጠጋኝ ነው። ሳውንድ ካርድ ዲሲ አያይም። መግቢያው ላይ ካፓሲተር አለ፣ ዲሲውን ያስቀረዋል። አምፑ ስፒከር ላይ 30 ቮልት ዲሲ እየለቀቀ ሳውንድ ካርዱ «ሁሉም ሰላም ነው» ይልሃል። 2 ሜጋኸርዝም አያይም። ደግሞም 40 ቮልት ቢገባበት ያበቃለታል። የላይን መግቢያ የሚችለው 1 ወይም 2 ቮልት አካባቢ ነው።

ሆጤ_ኦዲዮ

ለቮልቱ መከፋፈያ ይሠራለታል ጋሼ። 100 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 1 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። መቶ አንድ ጊዜ ያሳንሰዋል። 40 ቮልቱ 0.4 ቮልት ሆኖ ይገባል። ሁለት ሬዚስተር ነው።

ዲሲና ሜጋኸርዝ ላይ ግን እጄን ሰጥቻለሁ።

ካምፓስ_ኤሌክትሪካል

አሁን 12 ቢት ስኮፖች መጥተዋል። 4,096 ደረጃ ማለት ነው። ሆጤ_ኦዲዮ ባሰላው 40 ቮልት አንዱ ደረጃ 0.01 ቮልት ገደማ ይሆናል። ራይጎል ዲኤችኦ804 ከእነዚህ አንዱ ነው። ባለ 4 ቻናል፣ 70 ሜጋኸርዝ፣ ስክሪኑ በጣት የሚነካ። በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። የሲግለንት ኤስዲኤስ804ኤክስ ኤችዲም በዚያው ደረጃ ነው። ለድምፅ ሥራ ከሜጋኸርዙ ይልቅ ቢቱ ይሻላል። ግን 12 ቢት ስኮፕም ቢሆን ሳውንድ ካርዱን በዲስቶርሽን አይተካውም።

ሽቦና_ስታኞ

ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ አሁን አራት ሆነ 😅 ሌላም ልጠይቅ። የመኪና ቴፕ ላይ ስለካ ፕሮቡን (የስኮፑን መለኪያ ጫፍ) ስፒከር ፕላስ ላይ፣ የግራውንድ አዞውን (ከፕሮቡ ጋር ያለውን ቆንጣጭ) ስፒከር ማይነስ ላይ ነው አይደል የማስረው?

ጦሳ_ሥር

ቁም! እንዳታደርገው።

ይህን በደንብ አንብበው። ከሜጋኸርዝም ከቢትም ይህ ይበልጣል። የስኮፑ ግራውንድ አዞ ተራ ሽቦ አይደለም። ከግድግዳ በሚነሳ የጠረጴዛ ስኮፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በስኮፑ ውስጥ አልፎ ከግድግዳው አርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ቻናል ካለህ የሁለቱም አዞ ውስጥ ለውስጥ አንድ ነው።

የመኪና ቴፕ ብሪጅ ነው። ስፒከር ማይነስ የሚባለው ግራውንድ አይደለም። እሱም ራሱን የቻለ የአምፕ መውጫ ነው፤ ፕላሱ ሲወጣ እሱ ይወርዳል። ሳይዘፈን ሁለቱም ላይ የባትሪው ግማሽ፣ 6 ወይም 7 ቮልት ዲሲ ይቀመጣል። አዞውን ማይነሱ ላይ ስታስር፣ የቴፑ ቦዲ ደግሞ በሌላ በኩል ከአርዝ ጋር ከተገናኘ፣ መውጫውን በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ሾርት አደረግኸው ማለት ነው። አይሲው ዕድለኛ ከሆነ ፕሮቴክሽን ውስጥ ይገባል። ካልሆነ ሽታው ይነግርሃል።

አሁን በየሱቁ ያሉት የክላስ ዲ ቦርዶችም አብዛኞቹ እንደዚሁ ብሪጅ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይለካል? በሁለት ፕሮብ። ቻናል 1 ፕላሱ ላይ፣ ቻናል 2 ማይነሱ ላይ። ሁለቱም አዞ የዕቃው ትክክለኛ ግራውንድ ላይ። ሁለቱም ቻናል እኩል ቮልት በዲቪዥን (በአንድ የስክሪን ሳጥን)፣ ሁለቱም ፕሮብ 10 ላይ (ሲግናሉን አሥር ጊዜ በሚያሳንሰው)። ከዚያ ማዝ (ሒሳብ) የሚለውን ትከፍትና ቻናል 1 ሲቀነስ ቻናል 2 ትላለህ። ስፒከሩ የሚያየውን ያንኑ ታያለህ። አንድ ቻናል ያለው ስኮፕ አትግዛ የምልህ ለዚህ ነው።

ቦርከና_ማዶ

ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የስኮፑን ስፒና አርዟን መቁረጥ ነው። እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ጦሳ_ሥር

የሚሠራ እንዳለ አውቃለሁ። አርዙን ስትቆርጥ ስኮፑ ተንሳፋፊ ይሆናል። አዞው የነካው ቮልት ሁሉ ስኮፑ ላይ በሚታዩት ብረቶች ሁሉ ይወጣል፤ ፕሮቡ የሚሰካበት ቀለበት፣ ከኋላው ያለው ብሎን። የመኪና ቴፕ ላይ ከሆነ 14 ቮልት ነው፤ ምንም አትሆን። በአዲሶቹ ሞንታርቦዎች ላይ ግን ፓወር ሰፕላዩ ስዊቺንግ ነው። የመጀመሪያው ወገን፣ ማለት ከመብራቱ ጋር የተያያዘው፣ 220 ቮልቱ ተቀይሮ 311 ቮልት ዲሲ ነው። አዞውን እዚያ አስረህ በሌላ እጅህ ስኮፑን ብትነካ ራስህ ፊውዝ ሆንክ።

የብዙ ቤት ሶኬት ደግሞ ከመነሻውም አርዝ የለውም። ሦስት ቀዳዳ ስላለው አትመን፤ ከኋላው ሽቦ መኖሩን አረጋግጥ። ዲቫይደሩንም እይ፤ ብዙዎቹ ላይ የአርዟ ቦታ ባዶ ፕላስቲክ ነው።

የመጀመሪያውን ወገን መለካት ከፈለግህ የምትጠግነውን ዕቃ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ከመብራቱ መስመር በሚነጥለው) አስነሳ። ስኮፑ እንዳለ አርዙ ላይ ይቆይ። ከሌለህ እዚያ ወገን በቴስተር ሥራ፤ ስኮፑን ከትራንስፎርመሩ በኋላ ባለው በሁለተኛው ወገን ላይ ብቻ ተጠቀም።

ሆጤ_ኦዲዮ

ላፕቶፕ ላይ የሚሰካውን የዩኤስቢ ስኮፕ የምትገዛ ከሆነም ያው ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር ባለ ሦስት እግር ከሆነ አዞው እስከ አርዝ ይደርሳል። ስትለካ ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ሥራ። ያም ሆኖ ከፍ ያለ ቮልት ላይ አትሞክረው፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው የአንተ እጅ ነው።

ሽቦና_ስታኞ

ስፒናዬን አልቆርጥም፤ ተስማምተናል። ሱቄ ውስጥ ያለውን ሶኬትም ከፈትኩት። አርዙ ሽቦ የለውም! ኤሌክትሪሻን ልጠራ ነው።

ስለዚያ የሚግለው አምፕ፦ 10 ኦሟ ደህና ናት። ችግሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ባያሱን የሚቆጣጠረው ትንሹ ትራንዚስተር ሂትሲንኩ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ ሲገባው ተነቅሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሙቀቱን ስለማያውቅ ከረንቱን አይቀንስም። ፔስት ቀብቼ መልሼ አሰርኩት፣ ባያሱን አስተካከልኩ፣ ለብ ብሎ ቀረ።

ቦርከና_ማዶ

ያለ ስኮፕ ሠራኸው ማለት ነው። ብሩን አምጣ እንብላው።

ክራር_በጃክ (ደሴ)

ሰላም። እኔ ጠጋኝ አይደለሁም፤ ክራር ላይ ፒካፕ እየገጠምኩ እጫወታለሁ። ሌላ ርዕስ ከምከፍት እዚሁ ልጠይቅ። አምባሰል ስቃኝ አንዷ ክር ላይ ድምፁ «ጭርር» ይላል። ፒካፑ ይሁን፣ ፕሪአምፑ ይሁን፣ ክሩ ራሱ ይሁን አላወቅሁም። ይህ በስኮፕ ይታያል?

ካምፓስ_ኤሌክትሪካል

ይታያል፣ ግን ዲጂታሉ ነው የሚያስፈልግህ። ክር ሲመታ መጀመሪያ በአንዴ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየሟሸሸ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሆኖ ያልፋል። በአናሎግ ስኮፕ ብልጭ ብሎ ይጠፋብሃል። ዲጂታሉ ላይ ትሪገሩን (መሳል መቼ እንደሚጀምር የሚወስነውን) ሲንግል፣ ማለት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ላይ ታደርግና ክሩን ትመታለህ፤ ስክሪኑ ይዞት ይቀራል። ከዚያ እያሰፋህ ታየዋለህ።

አንዱን ፕሮብ የፒካፑ መውጫ ላይ፣ ሌላውን የፕሪአምፑ መውጫ ላይ አድርግ። በአንድ ምት ሁለቱንም ያዝ። የፕሪአምፑ የመጀመሪያው ጫፍ ጠፍጣፋ ከሆነና የፒካፑ ሹል ከሆነ ፕሪአምፑ ሞልቶበታል፤ ባትሪውን ቀይር ወይም ጌኑን ቀንስ። ሁለቱም ላይ ያው ጭርታ ከታየ ነገሩ ከክሩ ወይም ከፒካፑ አካባቢ ነው።

ፕሮቡ 10 ላይ ይሁን። የክራር ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ፒዞ ነው፤ ፒዞ ጭነት አይወድም። ፕሮቡ 1 ላይ ከሆነ 1 ሜጋ ኦም ያሸክመዋል፣ ወፍራም ድምፁን ይበላዋል። 10 ላይ 10 ሜጋ ኦም ነው። ሲግናሉ አሥር ጊዜ ቢያንስም ይሻላል።

ክራር_በጃክ

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ስኮፕ ግን የለኝም 😄

ካምፓስ_ኤሌክትሪካል

ሀረጎን ወርደህ ና፤ ሽቦና_ስታኞ ሲገዛ እሱ ጋ እናየዋለን።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

አሮጌ አናሎግ ስኮፕ የሚፈልግ አለ? ሂታቺ ቪ-212፣ ባለ 20 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት ቻናል። ይበራል፣ መስመሩ ይታያል። ዋጋውን በውስጥ።

ጦሳ_ሥር

ሂታቺዋ ደህና ዕቃ ናት። እኔም አናሎግ ነው የምወደው፤ የሌለ ሞገድ ፈጥሮ አያሳይህም፣ ማዞሪያውን ስታዞር ወዲያው ይታዘዝሃል። ግን ከመግዛትህ በፊት ሄደህ እይ። ከፍተህ ግማሽ ሰዓት አሙቀው። ደሴ ብርድ ነው፤ ገና ሳይሞቅ መስመሩ ይንሸራተታል፣ ያ ችግር አይደለም። ከሞቀ በኋላም ከተንሸራተተ ግን ተወው። ብራይትነሱን ሳትጨምር መስመሩ በቀን ብርሃን መታየት አለበት። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዙራቸው፤ መስመሩ ከዘለለ ኮንታክቱ ቆሽሿል። ያ ይጸዳል። ቱቦው ከደከመ ግን መድኃኒት የለውም። ራስህ ከፍተህ አትነካካው፤ ውስጡ ከ1 ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል።

ለክራሩ ልጅ አይሆንም። ለሽቦና_ስታኞ ግን ርካሽ ከሆነ ያዋጣል።

ሽቦና_ስታኞ

ዋጋውን ጠየቅሁ። ለአሮጌ ዕቃ በዛብኝ። አዲሱስ ስንት ይገባል? የገዛ አለ?

ሰኞ_ገበያ

በብር አልጽፍልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ራይጎል ዲኤስ1054ዚ ፋብሪካው ያወጣለት ዋጋ 350 ዶላር አካባቢ ነበር። ዲኤችኦ804ው ከዚያ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። በዚያ ላይ ማጓጓዣና ቀረጥ ደምር። መርካቶ ከገዛህ ሱቁ ውስጥ ሳታስከፍት አትውጣ። ከውጭ የሚመላለስ ዘመድ ካለህ በእሱ ይሻልሃል።

የኔንም ሂታቺ እንነጋገርበት፤ እቀንሳለሁ።

አወያይ

የዋጋ ድርድር በውስጥ መስመር ይሁን። ውይይቱ ጥሩ ሄዷል፤ ወደ ጉዳዩ።

ሆጤ_ኦዲዮ

ወደ ጉዳዩ ከሆነ እኔ በስኮፕ የምወደውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሀም። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማጉያ ሁሉ በሽታው እሱ ነው፤ «ኡኡኡም» የሚለው። ብዙ ሰው ሰምቶ ፊልተር ካፓሲተር ይቀይራል። ሁለት ዓይነት ሀም አለ። ታይምቤዙን 5 ሚሊሴኮንድ በዲቪዥን አድርግ። አንዱ ሙሉ ሞገድ አራት ሳጥን ከያዘ 50 ኸርዝ ነው፤ ከመብራቱ በቀጥታ የሚገባ፣ ማለት የግራውንድ ሉፕ ወይም ሺልዱ የተበጠሰ ኬብል። ሁለት ሳጥን ብቻ ከያዘ 100 ኸርዝ ነው፤ ከሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው) በኋላ ያለው ሪፕል (የዲሲው መዋዠቅ)፣ ማለት ፊልተር ካፓሲተሩ ደክሟል። አንዱን ካፓሲተር በመቀየር ታድነዋለህ፣ ሌላውን አሥር ካፓሲተር ብትቀይርም አይድንም። ትሪገሩን ላይን ላይ ብታደርገው ከመብራት የመጣው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ይሮጣል።

ለሆርን ማጉያዎች ደግሞ ተጠንቀቁ። የ100 ቮልት ላይን የሚባለው መውጫ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ጫፉ 141 ቮልት ይደርሳል። ፕሮብህ 1 ላይ ሆኖ እዚያ አትግባ።

ሽቦና_ስታኞ

ይህቺን ጻፍኳት። ወላሂ እኔም ካፓሲተር ነበር የምቀይረው።

ሌላ ጥያቄ። የክላስ ዲ ቦርድ መውጫ ቪዲዮ ላይ ሳይ መስመሩ ሁሉ ወፍራም ነው። ጋሼ እንዳሉት ሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ነው?

ካምፓስ_ኤሌክትሪካል

አይደለም፣ እሱ ጤነኛ ነው። ክላስ ዲ በተፈጥሮው በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ኪሎኸርዝ በላይ። የመውጫው ኮይልና ካፓሲተር አብዛኛውን ያስቀሩታል፣ ትራፊው ግን ስኮፕ ላይ ይታያል። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ ክላስ ዲው ላይ ውፍረቱ ሲዘፈንም ሳይዘፈንም ከላይም ከታችም አለ። ጋሼ ያሉት ዓይነት ግን ጫፍ ላይ ብቻ ብቅ እያለ ይጠፋል።

ድምፁን ብቻ ማየት ከፈለግህ ከፕሮቡ በፊት 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 4.7 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ አድርግ። ከ34 ኪሎኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ይቀንሰዋል። ግራውንዱ የቦርዱ ይሁን፤ ስፒከር ማይነስ አይደለም።

ቦርከና_ማዶ

እኔ የሚገርመኝ ቻይና ቦርድ ላይ የሚጻፈው ዋት ነው። 500 ዋት ይልና ትራንስፎርመሩ የእጅ መዳፍ አያህልም።

ጦሳ_ሥር

ቦርከና፣ ዛሬ ገና ቁም ነገር አመጣህ። ያንን ስኮፕ ያጋልጠዋል። ስፒከሩን ፍታና በቦታው 8 ኦም፣ ወፍራም የ100 ዋት ሬዚስተር እሰር። ሂትሲንክ ላይ አስቀምጠው፣ ይግላል። ከስልክህ 1 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቭ አስገባ፤ ቶን ጀነሬተር የሚባል አፕ አለ። ቮልዩሙን ቀስ እያልክ ጨምር። ሳይን ዌቩ ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ መሆን ሲጀምር አቁምና ከመሃል እስከ ጫፍ ስንት ቮልት እንደሆነ አንብብ። 40 ቮልት ቢሆን፣ 40 በ40 አባዛ፣ ለ2 አካፍል፣ ለ8 አካፍል። 100 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ 500 ቢልም 100 ነው።

ያን መቆረጥ ደግሞ ሁለቱን ጫፍ አወዳድርበት። ላዩም ታቹም በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ቮልቱ ነው ያለቀበት። አንዱ ቀድሞ ከተቆረጠ በዚያ ወገን ያለ ዕቃ ደክሟል ወይም ዲሲ ተንጋዷል። መሃሉ ላይ፣ ዜሮን ሲያቋርጥ ትንሽ ደረጃ ከታየህ ባያሱ ዝቅ ብሏል። ሆጤ፣ ይህኛው በዓይን ይታያል፤ ዝቅ ባለ ቮልዩም ሻከር የሚለው ድምፅም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሆጤ_ኦዲዮ

ይታያል ጋሼ። እሱን ተውኩልዎ።

ሽቦና_ስታኞ

እሺ፣ ወሰንኩ። ዲኤችኦ804ውን ነው የምገዛው፤ ዘመድ ከዱባይ ሲመለስ ያመጣልኛል። ባለ 4 ቻናል ስለሆነ ብሪጁንም ስቴሪዮውንም በአንዴ አያለሁ። በዩኤስቢ-ሲ ስለሚነሳ አቅሙ የሚመጥን ፓወር ባንክ ካገኘሁ መብራት ሲሄድም አልቆምም። ሳውንድ ካርዱን ደግሞ እዚሁ ከአንድ ልጅ በጨረታ ዋጋ አገኘሁ። አርዙ ተዘርግቷል።

ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ጦሳ_ሥር

ፕሮቦቹን አስተካክል። ስኮፑ ፊት ላይ 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ የሚያወጣ ትንሽ መንጠቆ አለ። ፕሮቡን 10 ላይ አድርገህ እዚያ ስቀለው፤ ስኮፑም ላይ 10 ብለህ ሙላ፣ አለዚያ ቮልቱን አሥር ጊዜ አሳንሶ ያነብልሃል። ስኩዌሩ ጥጉ ላይ ቀንድ ካወጣ ወይም ከተጠጋጋ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በፕላስቲክ ካቻቪቴ ቀስ ብለህ አዙራት፤ ጥጉ ቀጥ እስኪል። አራቱንም ለየብቻ፣ ከሚሰኩበት ቻናል ጋር። ፕሮቦቹን አታቀያይር፤ የቀለም ቀለበት አብሮ ይመጣል፣ ግባበት።

ሽቦና_ስታኞ

እሺ ጋሼ። ክራር_በጃክ፣ ዕቃው እንደደረሰ እዚሁ እጽፋለሁ፤ ፕሪአምፑንም ይዘህ ና።